ዳገቱን ማን ይግፋው?

አዳማን ያለ ብስክሌት ማሰብ ለእኛ ዕድሜ ሰዎች ይከብዳል። ናዝሬት እያልን ባደግንባት ከተማ ብስክሌት የሀብታም ጌጥ ሳይሆን የሁሉም እግር ነበር። መምህሩ ትምህርት ቤት ይደርስበታል፤ ነጋዴው ዕቃ ይጭንበታል፤ ልጁ በሰዓት ተከራይቶ ጉልበቱን እየላጠ ይማርበታል። ሞጆም፣ መቂም፣ ዝዋይም እንዲሁ ነበሩ። ያ ትውልድ ዛሬ ስድሳውን አልፎ ሰባውን ይዟል። ብስክሌቱን ግን ሁሉም አልጣለውም። ማለዳ ወጣ ብሎ ላየ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከባጃጁ ጎን ጎን ቀስ ብለው የሚነዱ አዛውንቶች አሁንም አሉ።

እነዚህን ሰዎች ከብስክሌታቸው የሚያወርዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው አይደለም፤ ዳገቱ ነው። ሜዳ ላይ ጉልበት ቢያንስ ቀስ ይባላል። ዳገት ላይ ግን ቀስ ማለትም ወሰን አለው። ለዚህም ነው ሰሞኑን በየቤቱ አንድ ጥያቄ ሲነሳ የምሰማው፤ «ለአባታችን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብንገዛለትስ?»

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ የ70 ዓመት መምህር ናቸው። ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ጥቂት ዓመት ሆኗል። መጀመሪያ ወደ ቤታቸው የሚያወጣው ዳገት ላይ ወርደው መግፋት ጀመሩ። ቀጥሎ መውጣታቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ከዚያ ብስክሌቱ ከደረጃ ሥር ቆመ፣ ጎማውም ተነፈሰ። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው «ኤሌክትሪክ እገዛለታለሁ» ይላል። ውጭ አገር ያለችው እህቱ «አባዬ ከእንግዲህ ባጃጅ ይያዝ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ትላለች። ባለቤታቸው ደግሞ «ወድቆ ዳሌው ቢሰበር አስታማሚዋ እኔ ነኝ» አሉ። የሦስቱም ፍቅር ነው። አንዱም ግን «አባባ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አላለም።

ነገሩን ወደ እኔ ያመጡት የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በመሆኔ ብቻ ሳይሆን እኔም 64 ዓመት ሞልቶኝ አሁንም ስለምነዳ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት የአንድ ወዳጄን ባለሞተር ብስክሌት ተውሼ ሁለት ሳምንት ነዳሁት። ያየሁትንና ከዚህም ከዚያም ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ሞተሩ ምን ያግዛል?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «የኤሌክትሪክ ብስክሌት» በሚል ስም የሚሸጡት ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፔዳል ሲረግጡለት ብቻ የሚያግዝ፣ ካልረገጡለት ዝም የሚል ነው። ሁለተኛው እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት እንደ ሞተር ሳይክል የሚሄድ ነው። በአውሮፓ ሕግ ብስክሌት የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ እገዛውም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆም መሆን አለበት። ሁለተኛው ዓይነት፣ በተለይ ፔዳል የሌለው፣ ወደ ሞተር ሳይክል ጎራ የሚገባ ነው፤ የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ጥያቄም ያስከትላል። እንዲያ ያለውን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅ። እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያው፣ ስለሚያግዘው ነው።

እገዛው ምን ያህል ነው? በቁጥር እንየው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና የያዘው ዕቃ በድምሩ 100 ኪሎ ይሁኑ። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 190 ዋት ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ለጎረምሳ ምንም አይደለም። ስፖርተኛ ያልሆነ የ70 ዓመት ሰው ግን ሳያለከልክ ለረጅም ደቂቃ ሊያወጣ የሚችለው 80 ዋት ገደማ ነው እንበል። በዚያች ጉልበት ብቻውን ዳገቱን ልውጣ ቢል ፍጥነቱ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል፤ ይህም የእግረኛ እርምጃ ነው። በዚያ ፍጥነት ደግሞ ብስክሌት አይቆምም፤ መሪው ይዋልላል። አዛውንት ዳገት ላይ የሚወድቀው በድካም ብቻ አይደለም፤ በጣም ቀስ ስለሚል ሚዛን ስለሚያጣም ጭምር ነው።

ሞተሩ ቀሪውን 110 ዋት ቢይዝላቸው ሰውየው የራሳቸውን 80 ዋት እየሰጡ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይወጣሉ። ልብ ይበሉ፣ እግራቸው ሥራ አልፈታም። ልባቸው ይመታል፣ ያልባቸዋል፤ ግን አያለከልኩም። እኔም በተዋስኩት ብስክሌት ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ መኖሩን እረሳዋለሁ። ዳገት ስጀምር ግን ከኋላ አንድ ሰው ወገቤን ይዞ ቀስ አድርጎ የሚገፋኝ ይመስለኛል።

«ታዲያ ሞተር ከገፋው ምኑ ስፖርት ነው?» የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት መናገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ማለት ነው። በሞተር የሚታገዝ ፔዳልም ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ፕሎስ ዋን» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከ50 እስከ 83 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ለ8 ሳምንት ተከታትሏል። ገሚሱ ተራ ብስክሌት፣ ገሚሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነዱ፤ የተቀሩት አልነዱም። የነዱት ሁለቱም ወገኖች በአንዳንድ የአእምሮ ቅልጥፍና ፈተናዎች ተሻሻሉ። በባለሞተሩ የነዱት ደግሞ በአእምሮ ጤና መለኪያው ላይ ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ጥቅሙ ከጡንቻው ብቻ አለመሆኑ አይገርመኝም። ከቤት ወጥቶ ሰው ሰላም ማለት፣ አዲስ ነገር ማየት፣ ደጃፍ ላይ ከመቀመጥ ይሻላል።

የማይታየው ዳገት

ስለ ዳገት ስናወራ የአዳማ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ከተማችን የነፋስ አገር ናት። ከከተማው በላይ ባሉት ኮረብታዎች የቆሙት የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋዋት አቅም ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋው ወራት ያ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ፊት ለፊት ሲመጣ ብስክሌተኛው ሜዳ ላይ ሆኖ ዳገት ይወጣል።

ይህም በቁጥር ይታያል። ነፋስ በሌለበት ሜዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመንዳት 50 ዋት ገደማ ይበቃል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ያው ፍጥነት ከ130 ዋት በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ «እኛ ሰፈር ዳገት የለም፣ ሞተር ምን ያደርጋል?» የሚል የአዳማ ሰው ነፋሱንም ይቁጠረው። ለመውጫ ጊዜ የምመክረው ማለዳን ነው። ፀሐዩም አልከረረም፣ መንገዱም አልተጨናነቀም፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ እንዳለው አይበረታም።

አደጋው የት ነው?

እትዬ፣ የመምህሩ ባለቤት፣ የሚፈሩት ነገር ከንቱ ስጋት አይደለም። በኔዘርላንድስ፣ በብስክሌት አገር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሚሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ባለሞተር ናቸው፤ ብዙ አዛውንቶችም ይነዱባቸዋል። እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር፣ አዛውንቶች በባለሞተር ብስክሌት የሚጎዱት በመኪና ተገጭተው ብቻ ሳይሆን ሲወጡበትና ሲወርዱበት ጭምር መሆኑን ነው። ምክንያቱ ክብደቱ ነው። ተራው ብስክሌት 15 ኪሎ ገደማ ከሆነ ባለሞተሩ 25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ወደ ጎን ዘንበል ካለ የ70 ዓመት እጅ ላይመልሰው ይችላል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የለመደ ሰው ሞተሩ 25 ላይ ሲያደርሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ፍጥነት ከ15 ወደ 25 ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለማቆም የሚፈጀውም መንገድ ይረዝማል። የባጃጅ ሾፌሩም በተራው ሽማግሌ ሲያይ «ቀስ ብለው ነው የሚመጡት» ብሎ ፊታቸው ይታጠፋል፤ ሞተር እንዳለው ከየት ያውቃል?

ሦስተኛው ቁልቁለቱ ነው። ዳገትን የወጣ መውረዱ አይቀርም፤ ሲወርድ ሞተሩ አያግዝም፣ ክብደቱ ግን ይገፋል። ከአዳማ ወደ ወንጂ ወይም ወደ ሶደሬ ሲሄዱ መንገዱ ወደ አዋሽ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ቢሾፍቱ ላይ ከከተማው ወደ ሐይቆቹ ዳርቻ የሚያወርዱት አንዳንድ መንገዶች አጭር ቢሆኑም ያዳልጣሉ። እዚህ ላይ ሕይወት የሚያድነው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው።

አራተኛው ከሰውየው ጤና ጋር የተያያዘ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ቢመታ ቀላል ምት ከባድ ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታ ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢወጣ ስኳሩ መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር። በጾም ወቅትም፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ይሁን፣ ውኃ ሳይጠጡ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ መንዳት ሞተር የማያቃልለው ፈተና ነው።

ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም?

መልሱ እንደ ሰውየውና እንደ ከተማው ይለያያል። ከሰውየው ልጀምር። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በደንብ የሚስማማው ብስክሌት ለለመደ፣ ሚዛኑና ዓይኑ ደህና ለሆነ፣ ጉልበቱ ወይም ትንፋሹ ዳገት ላይ ብቻ ለከዳው ሰው ነው። መምህሩ እንዲህ ያሉ ናቸው። ብስክሌት ነድቶ ለማያውቅ የ70 ዓመት ሰው ግን መማሪያው ይህ አይደለም። መሬት ላይ በአንድ እግሩ 10 ሴኮንድ መቆም የሚያቅተው፣ አንገቱን አዙሮ ከኋላው የሚመጣውን ማየት የማይችል፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው መጀመሪያ እሱን ይታከም። ሞተር ጉልበትን ይተካል እንጂ ሚዛንን፣ ዓይንንና ጆሮን አይተካም።

ወደ ከተሞቹ ስንመጣ፣ ባቱ (ዝዋይ) ወይም መቂ የሚኖር ሰው መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ስለሆነ በደንብ የተጠገነ ተራ ብስክሌት ይበቃዋል፤ ለሞተር የሚያወጣውን ብር ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ፍሬን ያውለው። ቢሾፍቱ ላይ ዳገቶቹ አጫጭርና ቁጡ ስለሆኑ ሞተሩ ዋጋው ይታያል። አዳማ ከሁለቱ መካከል ናት፤ መሀል ከተማው ሜዳ ሲሆን ወደ ዳር ዳር ያሉት ሰፈሮች ይነሣሉ፣ ነፋሱም አለ። ወደ ወንጂ ወርዶ መመለስ ለሚወድ ሰው ሞተሩ መመለሻውን ያስተማምነዋል። አሰላ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ላይ ትወጣለች። ያንን መንገድ ልጅ ይሞክረው፤ እኛ አውቶቡስ አለልን።

ስለ መንገድ አንድ ነገር ልጨምር። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት አልተሠራም፤ መግባትም አይፈቀድም። ከሞጆ ወደ አዳማ የሚመጣውና ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ የሚያልፈው ዋና መንገድ ደግሞ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ነው። ለመዝናናት የሚነዳ አዛውንት እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። ባለሞተር ብስክሌት መንገድ የመምረጥ ዕድል ይሰጣል፤ ዙሪያውን ሄዶ ጸጥ ያለውን የውስጥ መንገድ ለመያዝ ጉልበት አይገድበንምና።

ሲገዙ ምን ይዩ?

ቅርጹ የመጀመሪያው ነው። እኛ «የሴት ብስክሌት» የምንለው፣ መሀሉ ዝቅ ያለው፣ ለአዛውንት ሁሉ፣ ለአያትም ለአባትም፣ የተሻለ ነው። እግር ከፍ አድርጎ ማሻገር የለም፤ ቀሚስ ለለበሰችም ይመቻል። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ሁለቱም እግሮች መሬት መንካት አለባቸው። «ወንድ ልጅ በሴት ብስክሌት?» የሚል ኩራት ካለ፣ ዳሌን ከማስጠገን ይቀላል በሉት።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ እገዛውን የሚሰጥበትን መንገድ ይጠይቁ። አንዳንዱ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ያያል፤ ገና አንዴ ሲረግጡት ድንገት ይወረወራል፣ መርገጥ ካቆሙም በኋላ ለአፍታ ይገፋል። ሌላው የእግርን ጫና ይለካል፤ ቀስ ብለው ሲረግጡ ቀስ ብሎ፣ ጠበቅ ሲያደርጉ ጠበቅ አድርጎ ያግዛል። ዋጋው ከፍ ቢልም ለእኛ ዕድሜ የሚሆነው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያውን ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌለ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ መሆኑን እዚያው ይፈትሹ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ የት እንደተገጠመ ይዩ። በኋላ ጎማ እምብርት ላይ ያለው ቀለል ያለና ርካሽ ነው፤ ለአዳማ ዓይነት ዳገት ይበቃል። በረጅምና ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ግን ይግላል። ፔዳሉ አጠገብ ያለው በማርሹ ስለሚጠቀም ቀጥ ያለ ዳገት ይወዳል፤ በዚያው ልክ ይወደዳል፣ ካቴናም ቶሎ ይበላል። እዚህ የስምጥ ሸለቆ የግራር እሾህ ጎማ መብሳቱ አይቀርም። የኋላው ጎማ ሞተር ካለበት ሲፈታ ገመዱ መነቀል፣ ብሎኑም በትክክል መታሰር አለበት። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሰፈርዎን ጎሚስታ «ይህን ትፈታዋለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ካልቻለ ሻጩ አንዴ ያሳየው። ወፍራም ካላማዳሪና ጠንካራ ጎማ ማስገባትም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ፍሬን። ክብደቱንና ቁልቁለቱን የሚመጥን ዲስክ ፍሬን በሁለቱም ጎማ ይኑረው። የብስክሌቱን ውበትና የሰዓት ቁጥር የሚያሳየውን መስታወት ሳያዩ በፊት ትንሽ ቁልቁለት ላይ አንድ ጣት ወይም ሁለት ጣት ብቻ ተጠቅመው ማቆም መቻልዎን ይፈትሹ።

ሦስት እግር ያለውስ? ሲቆም አይወድቅም፣ ገበያም ይጫንበታል። ይሁን እንጂ ጥምዝ ላይ በፍጥነት ከታጠፈ ይገለበጣል፣ ከባድም ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድና ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ብቻ የሚሆን ነው።

ባትሪው በቤት ውስጥ

የኤሌክትሪክ ወጪው አያስፈራችሁ። የተለመደው ባትሪ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። የእንጀራ ምጣዳችን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ባትሪውን ከባዶ እስከ ሙሉ ለመሙላት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ምጣዱ በ10 ደቂቃ የሚፈጀውን ያህል ነው። ሞተሩ ብቻውን ቢሠራ እንኳ በዚያ ባትሪ በድምሩ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል፤ እግር ሲታከልበት ይጨምራል። ወጪው ያለው ባትሪውን በመሙላት ሳይሆን በመለወጥ ላይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ተሞልቶ አቅሙ መድከም ይጀምራል። ስለዚህ ሻጩን «የባትሪው መለወጫ ስንት ነው? ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ግዢውን አቆዩት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባለሙያና ዕቃ እየበዛ ነው፤ የመኪና ባለሙያ ሁሉ ግን የብስክሌት ባትሪ ያውቃል ማለት አይደለም።

የውጭ አገር ልጆች ደግሞ ይህን ስሙ። ብስክሌቱን በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ ብላችሁ አትድከሙ። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም፤ የብስክሌቱ ባትሪ የዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ያለ ባትሪ አምጥቶ እዚህ የሚገጥም ባትሪ ፍለጋ መንከራተትም ለአባት ሥራ መፍጠር ነው።

ባትሪው ሲሞላ ከራሱ ቻርጀር ውጭ አይሰካ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ የኃይል መከላከያ ይኑር። መውጫ በር አጠገብ፣ አልጋ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ አይሞላ፤ ሁሉም ተኝቶ ሳለም አይተው። ወድቆ የተጎዳ፣ ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪ ከቤት ወጥቶ ለባለሙያ ይታይ። የሊቲየም እሳት በቀላሉ አይጠፋም፤ የልጅ ልጆች በሚሮጡበት ቤት ይህ የሚናቅ አይደለም።

ውሳኔው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብስክሌቱ ለመምህሩ ይስማማል ወይስ አይስማማም ከሚለው ጥያቄ በላይ እኔን ያሳሰበኝ ስለ እሳቸው የተደረገው ስብሰባ እሳቸው በሌሉበት መደረጉ ነው። እኛ ወላጆች ልጆቻችንን ለማሳደግ «ተው፣ ትወድቃለህ» ስንል ኖረናል። አሁን ተራው ተገላብጦ ልጆቹ «ተው፣ ትወድቃለህ» ይሉናል። ልዩነቱ ልጁ ወድቆ መነሣትን የሚማርበት ዕድሜ ላይ መሆኑ ነው፤ እኛ ደግሞ አንዴ ከተውነው ተመልሰን የማንጀምረው ዕድሜ ላይ ነን። አለመውደቅም ዋጋ ያስከፍላል። ቤት የተቀመጠ ጉልበት ይደርቃል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ሰው ሰውን አያገኝም፤ በመጨረሻም የተፈራው ውድቀት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። መጀመሪያ አባትየውን ጠይቋቸው። ቀጥሎ ሳትገዙ አስሞክሯቸው፤ ያውም መንገድ ላይ ሳይሆን ሰፊና ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ማለዳ ያህል። መጀመሪያው ቀን ሞተሩ ጠፍቶ መውጣት፣ መውረድና ማቆም ብቻ። ሁለተኛው ቀን በዝቅተኛው እገዛ። ሦስተኛው ቀን ትንሽ ዳገትና ትንሽ ቁልቁለት። ሞተሩ ጠፍቶ ብስክሌቱን ይዘው አሥር እርምጃ መግፋት ካቃታቸው ነገሩ አልሆነም ማለት ነው፤ ባትሪ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላልና።

መምህሩ ሦስቱንም ማለዳ ወጡ። ሲጨርሱ «ዳገቱ ላይ ያግዘኝ እንጂ እኔን አይተካኝ» አሉ። ባለቤታቸው ቅድመ ሁኔታቸውን ዘረዘሩ፤ ሄልሜት ሳያደርጉ አይወጡም፣ ወደ ጅቡቲ መንገድ አይጠጉም፣ እገዛው ከዝቅተኛው አያልፍም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ይመለሳሉ። ልጅየው የጠየቀው ብስክሌት መሀሉ ዝቅ ያለውን ሆነ። ውጭ ያለችው ልጅ አሁንም ልቧ አላረፈም፤ አልፈርድባትም። ባጃጅ ልይዝበት ብላ ያሰበችውን ብር ለሄልሜት፣ ከኋላ ለሚበራ መብራትና አንጸባራቂ ሰደሪያ አውላዋለች።

እናንተም ቤት ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ከሆነ፣ ነገሩን በሦስት ጥያቄ ፍቱት። አንደኛ፣ የከዳው ጉልበት ነው ወይስ ሚዛን? ጉልበት ከሆነ ሞተር ይረዳል፤ ሚዛን ከሆነ አይረዳም። ሁለተኛ፣ የሚነዳበት መንገድ ከከባድ መኪና የራቀ ነው? ካልሆነ ሞተሩ ችግሩን አልነካውም። ሦስተኛ፣ ባትሪውንና ፍሬኑን በቅርብ የሚያይ ሰው አለ? ከሌለ ተራው ብስክሌት ይሻላል። ለሦስቱም መልሱ ደህና ከሆነ፣ አባትን ወይም እናትን ከደጃፍ ወንበር ላይ ለማንሣት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ብዙ አላውቅም። ካልሆነም በተራ ብስክሌት ሜዳ ሜዳውን መሄድ፣ ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋት ምንም ነውር የለበትም። ሰው ዳገቱን በምንም ይውጣው፣ ዋናው ከቤት መውጣቱ ነው።

ሳምንት ሰው ይበለን።